ያልከፈሉትን አውጣ ስለው የከፈሉትን ደጋግሞ ያመጣብኛል (ኤስኪውኤል፣ ማለትም የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ፣ ጀማሪ ነኝ)

ቁጠባ_ቤቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። እስካሁን ሁሉ ነገር በኤክሴል ነበር፤ ፋይሉ አሁን ከመክበዱ የተነሳ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። አለቃዬ «ዳታቤዝ ውስጥ አስገቢው» ሲለኝ ኤስኪውላይት በሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ ሁለት ቴብል (ሰንጠረዥ) ሠራሁ።

አባላት፦ መለያ፣ ስም፣ የአባት_ስም፣ ስልክ፣ ቅርንጫፍ
ክፍያ፦ ቁጥር፣ አባል_መለያ፣ መጠን፣ ቀን

የምፈልገው የጥቅምት 2017 መዋጮ ያልከፈሉትን ሰዎች ስምና ስልክ ነው፣ ደውዬ ላስታውሳቸው። የጻፍኩት ይሄን ነው (ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፣ ማሽኑ ላይ ያው በላቲን ነው የሚገቡት)፦

ሰሌክት ስም, የአባት_ስም, ስልክ
ፍሮም አባላት
ጆይን ክፍያ ኦን ክፍያ.አባል_መለያ = አባላት.መለያ
ዌር ክፍያ.ቀን < '2024-10-11';

ጥቅምት 1 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 11 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የከፈሉት ብቻ ይመጣሉ ብዬ ነበር። የመጣው ግን ሌላ ነው። አንዷ ሴትዮ ከላይ እስከ ታች ተደርድራለች፣ ጥቅምት ላይ በእጄ ደረሰኝ የቆረጥኩላቸውም አሉበት። «ዌር መጠን = ነል» (ነል ያልተሞላ ባዶ ቦታ ነው) ብዬም ሞከርኩ፣ እሱ ጭራሽ ባዶ ነው የሚያመጣው። የት ነው የተበላሸው?

የሌሊት_ሠራተኛ፦

እህቴ፣ ሰዋስውሽ ደህና ነው። ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የጻፍሽው ጥያቄ) ግን አንቺ ያሰብሽውን ጥያቄ አይደለም የመለሰው።

ኩዌሪ ከመጻፍሽ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ጠይቂ፦ ከዚህ በሚወጣው ውጤት ላይ አንድ ሮው (መስመር) የምን ሮው ነው? አባላትን ከክፍያ ጋር ጆይን ስታደርጊ (ስታገጣጥሚ) የሚወጣው እያንዳንዱ ሮው አንድ ክፍያ ነው እንጂ አንድ አባል አይደለም። ሴትዮዋ ብዙ ጊዜ ከፍላ ከሆነ ብዙ ጊዜ ትመጣለች። አንድም ቀን ከፍሎ የማያውቅ ሰው ደግሞ ክፍያ ቴብል ውስጥ ስለሌለ ውጤቱ ላይ ዝር አይልም። አንቺ በዋናነት የምትፈልጊው እሱን ነው!

ሁለተኛ፣ ዌር የሚያየው በአንድ ጊዜ አንድ ሮው ብቻ ነው። «ይህ ክፍያ ከጥቅምት በፊት ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። «ይህ ሰው በጥቅምት ምንም ክፍያ የለውም ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፣ ያንን ለማወቅ ሌሎቹን ሮዎች ማየት ነበረበት።

እንዲህ ሞክሪው፦

ሰሌክት አ.ስም, አ.የአባት_ስም, አ.ስልክ
ፍሮም አባላት አ
ሌፍት ጆይን ክፍያ ክ
ኦን ክ.አባል_መለያ = አ.መለያ
ኤንድ ክ.ቀን >= '2024-10-11'
ኤንድ ክ.ቀን < '2024-11-10'
ዌር ክ.ቁጥር ኢዝ ነል;

ሌፍት ጆይን በግራ ያለውን ቴብል አንድም ሰው ሳይጥል ይዞ ይመጣል። በቀኝ በኩል የሚገጥም ክፍያ ያጣለትን ሰው፣ የክፍያውን ኮለሞች ሁሉ ነል አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ዌር ነል የሆኑትን ብቻ ያስቀራል። በዕድር እንዳለው ነው፣ ለቅሶ ያልደረሰውን ለማወቅ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ብትቆጥሪ አይገኝም፣ የአባላቱን መዝገብ ይዘሽ ነው ስም የምትጠሪው።

ልብ በይ፣ የቀኑ ገደብ ያለው ኦን ውስጥ ነው። ወደ ዌር ብታወርጂው ሌፍት ጆይኑ ዋጋ ያጣል፤ ያልከፈለው ሰው ቀኑ ነል ስለሆነ «ከኦክቶበር 11 በኋላ ነው ወይ?» ለሚለው እሺም እምቢም ሳይል ይወድቃል።

የፒያሳ_ልጅ፦

ምን አስረዘማችሁት፦

ሰሌክት ስም, ስልክ ፍሮም አባላት
ዌር መለያ ኖት ኢን
(ሰሌክት አባል_መለያ ፍሮም ክፍያ ዌር ቀን >= '2024-10-11' ኤንድ ቀን < '2024-11-10');

ያልኩትን በአማርኛ አንብቡት፦ መለያቸው ከጥቅምት ከፋዮች ዝርዝር ውስጥ የሌለ አባላት። አለቀ።

ነል_ጠሉ፦

@የፒያሳ_ልጅ ንባቡ ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ክፍያ ቴብል ውስጥ የጥቅምት ቀን ያለው አንድ ሮው እንኳ አባል_መለያው ሳይሞላ ከገባ ጉድ ይፈላል፣ ያውም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ።

በቁጥር ላሳይህ። አባል 3 አልከፈለም እንበል። ከውስጠኛው ሰሌክት የወጣው ዝርዝር (1, 2, ነል) ነው። ኖት ኢን ማለት «3 ከ1 ይለያል፣ ኤንድ ከ2 ይለያል፣ ኤንድ ከነል ይለያል» ማለት ነው። ሁለቱ እውነት ናቸው። ሦስተኛው ግን እውነትም ሐሰትም አይደለም፣ ነል ማለት ዋጋው አይታወቅም ማለት ስለሆነ። በኤንድ የተያያዘ ነገር አንዱ ካልታወቀ ጠቅላላው እውነት ሊሆን አይችልም፣ ዌር ደግሞ እውነት የሆነውን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ አባል 3 ይቀራል፣ አባል 4ም ይቀራል፣ ሁሉም ይቀራል። «ሁሉም ሰው ከፍሏል» ብለህ ለአለቃህ ሪፖርት ታቀርባለህ።

የእኅታችን «መጠን = ነል» ባዶ ያመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከነል ጋር በእኩል ምልክት የሚነጻጸር ነገር ሁሌም «አይታወቅም» ነው። «ኢዝ ነል» ነው የሚባለው። ቢሠራም ደግሞ አይጠቅማትም ነበር፣ ያልከፈለ ሰው እኮ መጠኑ ባዶ የሆነ ሮው የለውም፣ ጭራሽ ሮው የለውም።

እኔ የምመርጠው ኖት ኤግዚስትስን («የሚገጥም ከሌለ» ማለት) ነው፦

ሰሌክት አ.ስም, አ.ስልክ
ፍሮም አባላት አ
ዌር ኖት ኤግዚስትስ
(ሰሌክት 1 ፍሮም ክፍያ ክ
ዌር ክ.አባል_መለያ = አ.መለያ
ኤንድ ክ.ቀን >= '2024-10-11'
ኤንድ ክ.ቀን < '2024-11-10');

ነል አያስቸግረውም፣ ሰውም አይደጋግምም፣ ያነበበውም ሐሳቡን ወዲያው ይይዛል።

ቁጠባ_ቤቷ፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ግን ተአምር ነው የሆነብኝ። የሌሊት_ሠራተኛን ሞከርኩ፣ የነል_ጠሉንም ሞከርኩ፣ ሁለቱም ጠቅላላውን የማኅበሩን አባል አመጡልኝ። አንድም ሰው አልቀረም። በዚህ ከሄድን ጥቅምት ላይ የከፈለ ሰው የለም ማለት ነው፣ እኔ ግን ብሩን ባንክ አስገብቻለሁ።

መንገደኛው፦

ለምን ትቸገራላችሁ፣ ለቻትቦቱ «ያልከፈሉትን አውጣልኝ» ብትሉት በሰከንድ ይጽፍላችኋል። በዚህ ዘመን ኤስኪውኤል መማር ጊዜ ማጥፋት ነው።

የሌሊት_ሠራተኛ፦

@መንገደኛው ይጽፍላታል፣ ምናልባትም ከእኛ የተሻለ። የሚጽፍላት ግን ከላይ ያለውን ነው፣ እሱም ይኸው ሁሉንም ሰው አመጣ። ዳታው ውስጥ ያለውን ችግር ቦቱ አላየውም፣ ደረሰኝ የቆረጠችው ደግሞ እሷ ናት።

@ቁጠባ_ቤቷ እስኪ ይሄን አስኪጂና ያወጣውን ለጥፊልን፦ ሰሌክት ቀን ፍሮም ክፍያ ሊሚት 5;

ቁጠባ_ቤቷ፦

15/10/2024
03/10/2024
28/09/2024
21/10/2024
07/11/2024

የሌሊት_ሠራተኛ፦

ተገኘ። ኤስኪውላይት ለብቻው የቀን ዓይነት የለውም፣ ቀንን እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የሚይዘው። ጽሑፍ ደግሞ ከግራ ጀምሮ ፊደል በፊደል ነው የሚነጻጸረው። '15/10/2024'ን ከ'2024-10-11' ጋር ሲያነጻጽር የመጀመሪያዎቹን ያያል፣ 1 ከ2 ያንሳል፣ «ከጥቅምት በፊት ነው» ብሎ ያልፋል። '21/10/2024' ሲመጣ 2 ከ2 እኩል ነው፣ ቀጥሎ 1 ከ0 ይበልጣል፣ ስለዚህ ከ'2024-11-10'ም በላይ ሆኖ ቁጭ ይላል። አንዱ ክፍያ ያንሳል፣ ሌላው ይበልጣል፣ በሁለቱ ገደቦች መካከል የሚያርፍ አንድም የለም። ከፋይ ካልተገኘ ሁሉም ያልከፈለ ነው።

የመጀመሪያው ኩዌሪሽ ጥቅምት ላይ የከፈሉትን ሲያመጣብሽ ጠቋሚው እሱ ነበር። በትክክለኛ ቀን ቢሆን «ከኦክቶበር 11 በፊት» ሲባል የኦክቶበር 15 ክፍያ አይመጣም።

ዓመት ከፊት፣ ወር ቀጥሎ፣ ቀን መጨረሻ ሲሆን ግን የጽሑፉ ቅደም ተከተልና የጊዜው ቅደም ተከተል አንድ ይሆናል። ለዚህ ነው ዓመት-ወር-ቀን አድርገሽ አስቀምጪ የሚባለው። ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ኤክሴሉ ላይ የኮለሙን የቀን አጻጻፍ ቀይረሽ እንደገና ወደ ሲኤስቪ (በኮማ የተለየ ተራ የጽሑፍ ፋይል) ማውጣትና ማስገባት። ሁለተኛው እዚያው ዳታቤዙ ውስጥ ማስተካከል። መጀመሪያ ሁሉም ቀኖች በአንድ መልክ መጻፋቸውን እይ፦

ሰሌክት ሌንግዝ(ቀን), ካውንት(*) ፍሮም ክፍያ ግሩፕ ባይ ሌንግዝ(ቀን);

የሚመጣው ርዝመት 10 ብቻ ከሆነ፦

አፕዴት ክፍያ
ሴት ቀን = ሰብስትር(ቀን,7,4) || '-' || ሰብስትር(ቀን,4,2) || '-' || ሰብስትር(ቀን,1,2);

8 ወይም 9 የሚል ከመጣ አንዳንዱ '3/10/2024' ተብሎ ነው የተጻፈው ማለት ነውና አቁሚ፣ በኤክሴሉ መንገድ ሂጂ።

ጋሼ_መዝገቡ፦

ልጄ፣ አፕዴቱን ከመንካትሽ በፊት ፋይሉን ኮፒ አድርገሽ በሌላ ስም አስቀምጪ። የኤስኪውላይት ደግነቱ ጠቅላላው ዳታቤዝ አንድ ፋይል መሆኑ ነው፣ ኮፒ ማድረግ ሰነድ ከመኮረጅ አይከብድም። አፕዴትና ዲሊት ያለ ዌር ሲሄዱ ቴብሉን ሙሉ ይነካሉ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። እዚህ ላይ ሙሉውን መንካት ስለተፈለገ ነው ዌር የሌለው። በሌላ ጊዜ በመጀመሪያ «ቢጊን» ብለሽ ጀምሪ፣ ከዚያ አፕዴቱን አስኪጂ፣ በሰሌክት አይተሽ ካላማረሽ «ሮልባክ» ብትዪ ወደነበረበት ይመለሳል፣ ካማረሽ «ኮሚት»።

ሌላው፣ ኤድጋር ኮድ የተባለው ሰው የዚህን ነገር መሠረት በ1970 ሲያወጣ፣ አይቢኤም ውስጥም ቻምበርሊንና ቦይስ በ1974 ቋንቋውን ሲያቀርቡ፣ ሐሳቡ ተጠቃሚው የሚፈልገውን ይናገር፣ አፈላለጉን ማሽኑ ይወቅበት የሚል ነው። ስለዚህ የምትፈልጊውን በወረቀት ላይ በአማርኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርገሽ ጻፊ። «በጥቅምት ወር አንድም ክፍያ የሌለው እያንዳንዱ አባል» ብትዪ ኖሮ «እያንዳንዱ አባል» የሚለው ፍሮምሽን፣ «አንድም ክፍያ የሌለው» የሚለው ኖት ኤግዚስትስሽን ይሰጥሽ ነበር። እናንተ ልጆች ግን ከሰሌክት ትጀምራላችሁ። ማሽኑ እንኳ በሐሳብ ደረጃ ከፍሮም ነው የሚጀምረው፤ ከዚያ ዌር፣ ግሩፕ ባይ፣ ኸቪንግ፣ ሰሌክት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ኦርደር ባይ መጨረሻ።

ቁጠባ_ቤቷ፦

ጋሼ እንዳሉት ኮፒ አድርጌ ነው የሠራሁት፣ ሌንግዙም ሁሉም 10 ነበር። ሠራ! ዝርዝሩም ልክ ነው፣ ከደረሰኝ ጥራዙ ጋር አመሳክሬዋለሁ። አለቃዬ አሁን በየቅርንጫፉ ከስንቱ ስንቱ እንደከፈለ ይፈልጋል። ደግሞ አንድ ያስገረመኝ፣ አንድ ሰው ሁለት መለያ ይዞ ተገኘ። አንዴ «ኃይሉ» አንዴ «ሀይሉ» ተብሎ ተመዝግቧል፣ ስልኩ አንድ ነው። በአንዱ ከፍሎ በሌላው ያልከፈለ ሆኖ መጣ።

ነል_ጠሉ፦

የቅርንጫፉ፦

ሰሌክት አ.ቅርንጫፍ,
ካውንት(ዲስቲንክት አ.መለያ) ኤዝ ጠቅላላ,
ካውንት(ዲስቲንክት ክ.አባል_መለያ) ኤዝ የከፈሉ
ፍሮም አባላት አ
ሌፍት ጆይን ክፍያ ክ
ኦን ክ.አባል_መለያ = አ.መለያ
ኤንድ ክ.ቀን >= '2024-10-11'
ኤንድ ክ.ቀን < '2024-11-10'
ግሩፕ ባይ አ.ቅርንጫፍ;

አሁን አንድ ሮው አንድ ቅርንጫፍ ነው። ካውንት የኮለም ስም ሲሰጠው ነልን አይቆጥርም፣ ስለዚህ «የከፈሉ» ውስጥ ያልከፈለው አይገባም። ካውንት(*) ብትዪ ግን ሮው እስከሆነ ድረስ ሁሉንም ይቆጥራል። ዲስቲንክቱ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ የከፈለ ሰው ሁለት ሆኖ እንዳይቆጠር ነው። መጠን ስትደምሪ ደግሞ ኮለሙን እይው፣ ከኤክሴል «1,500» ተብሎ ከነኮማው ከገባ ጽሑፍ ነው፣ ድምሩ ይበላሻል።

ጀሞ_ሁለት፦

የኃይሉ ነገር የኔ ራስ ምታት ስለሆነ እኔ ልመልስ። ለእኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ድምፅ ናቸው። ለኮምፒውተሩ በዩኒኮድ ለየብቻ ቁጥር የተሰጣቸው የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። ስም = 'ሀይሉ' ስትዪው ኃይሉን፣ ኀይሉንና ሃይሉን ጥሎ ያልፋል። ፀሐይ፣ ዓለም፣ ሠናይት፣ ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። በዚያ ላይ ገብረማርያም፣ ገብረ ማርያምና ገ/ማርያም አሉ፣ እነሱ በፊደል መተካትም አይድኑም።

የመዝገቡን ስም አትንኪው፣ ሰውየው መታወቂያው ላይ እንዳለው ይቆይ። «መፈለጊያ» የሚል ሌላ ኮለም ጨምሪና ተመሳሳዮቹን ወደ አንድ ያመጣሽበትን እዚያ አስቀምጪ፦

አፕዴት አባላት ሴት መፈለጊያ =
ሪፕሌስ(ሪፕሌስ(ሪፕሌስ(ሪፕሌስ(ስም,'ኃ','ሀ'),'ሐ','ሀ'),'ሠ','ሰ'),'ፀ','ጸ');

ይሄ ናሙና ብቻ ነው፣ ሑ፣ ሒ፣ ሓ፣ ሡ፣ ሢ እያልሽ ሰባቱንም ቤት መሙላት አለብሽ፣ ሃንም ወደ ሀ፣ ዐንና ዓን ወደ አ። በኤስኪውላይት ሪፕሌሱ እየተደራረበ ዓይን ያጠፋል። ፖስትግሬስ በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ትራንስሌት የሚባል አለ፣ የፊደሎቹን ዝርዝርና የተተኪዎቹን ዝርዝር ትሰጪዋለሽ፣ በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል። ከዚያ ድርብ የተመዘገቡትን እንዲህ ታወጫለሽ፦

ሰሌክት መፈለጊያ, ስልክ, ካውንት(*)
ፍሮም አባላት
ግሩፕ ባይ መፈለጊያ, ስልክ
ኸቪንግ ካውንት(*) > 1;

ያወጣልሽን እያንዳንዱን በዓይንሽ እይ። አባትና ልጅ አንድ ስልክ ይጠቀማሉ፣ ስማቸውም ሊገጥም ይችላል። በስም ብቻ ደግሞ ፈጽሞ ጆይን እንዳታደርጊ፣ የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር ስንት «ከበደ አበበ» አለ።

የፒያሳ_ልጅ፦

እኔም አንድ ልጠይቅ በዚሁ። ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ ከምናስቀምጥ በእኛ አቆጣጠር 2017-02-01 ብለን ብናስገባ ምን አለበት? ሪፖርቱ ላይ የሚፈለገው እሱ ነው።

ጋሼ_መዝገቡ፦

አይሆንም ልጄ። የቀን ዓይነት ያለው ዳታቤዝ ላይ፣ ማለትም ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስ ላይ፣ ጥቅምት 30ን ስታስገባ ፌብሩዋሪ 30 መስሎት ይመልስብሃል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነች በሩን አታልፍም። ያለፈለትም ቢሆን በመካከላቸው ያለውን ቀን ስትቆጥር ስህተት ነው። ኤስኪውላይት ጽሑፍ አድርጎ ስለሚይዘው ዝም ብሎ ይቀበልሃል፣ የባሰው እሱ ነው።

በፈረንጆቹ አስቀምጥና ለሪፖርቱ «ወራት» የሚባል ትንሽ ቴብል ሥራ፦ ዓመት፣ ስም፣ መነሻ፣ ማብቂያ። በዓመት 13 ሮው ብቻ ነው። ጥቅምት 2017 መነሻው 2024-10-11፣ ማብቂያው 2024-11-10 (ማብቂያው ኅዳር 1 ነው፣ ራሱ አይገባም)። ጳጉሜን 2016 ከ2024-09-06 እስከ 2024-09-11። ጥቅምት 2016 ግን መነሻው 2023-10-12 ነው፣ ምክንያቱም ጳጉሜን 2015 ስድስት ነበረችና መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። «ሁልጊዜ አሥር ቀን ልቀንስ» የሚል ቀመር ያስይዝሃል። ቴብሉን አንዴ በጥንቃቄ ሙላው።

ሰሌክት ወ.ዓመት, ወ.ስም, ሰም(ክ.መጠን)
ፍሮም ወራት ወ
ሌፍት ጆይን ክፍያ ክ
ኦን ክ.ቀን >= ወ.መነሻ ኤንድ ክ.ቀን < ወ.ማብቂያ
ግሩፕ ባይ ወ.ዓመት, ወ.ስም, ወ.መነሻ
ኦርደር ባይ ወ.መነሻ;

ጆይን በእኩል ምልክት ብቻ አይደለም፣ በክልልም ይሆናል። ክፍያ ያልገባበት ወርም ባዶ ድምር ይዞ ይታያል፣ ከወራት ስለተነሳን።

ቁጠባ_ቤቷ፦

ጋሼ ኖሩልኝ፣ ይሄን ለበጀት ዓመቱም እጠቀምበታለሁ። የበጀት ዓመት 2017 ከሐምሌ 1 ቀን 2016 ነው የሚጀምረው፣ ያ ማለት መነሻ '2024-07-08'፣ ማብቂያ '2025-07-08' ማለት ነው አይደል?

ጋሼ_መዝገቡ፦

አዎ ልክ ነሽ። ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ላይ ነው የሚውለው፣ የጳጉሜን ስድስት ጣጣ እስከዚያ ድረስ ተስተካክሎ ያልቃል። ወራት ቴብሉ ላይ «የበጀት_ዓመት» የሚል ኮለም ጨምሪና ለሐምሌ፣ ለነሐሴና ለጳጉሜን የሚቀጥለውን ዓመት ጻፊባቸው፣ ከዚያ ግሩፕ ባይ በእሱ ነው።

የፒያሳ_ልጅ፦

ወራት ቴብሉን ሞልታችሁ የጨረሳችሁ ካላችሁ ሲኤስቪውን እዚህ ጫኑልን፣ ከ2010 እስከ 2020 ቢሆን ይበቃል። እኔ ከ2015 እስከ 2017 ጀምሬያለሁ፣ ማታ እለጥፈዋለሁ፣ ጳጉሜኖቹን ጋሼ ቢያዩልኝ።